ባለ ነብሩ ብርድ ልብስ

ስልኬ ውስጥ ለወራት ለማንም ያላሳየሁት አንድ ፎቶ ነበር። ቆብ ያደረጉ አንዲት አሮጊት ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በድንጋይ ካብ መሀል ባለች ቀጭን መንገድ ሲሄዱ ይታያል። ትከሻቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገዋል። ብርድ ልብሱ ላይ ትልቅ ነብር አለ። አፉን ከፍቶ ቀጥ ብሎ ወደኔ ያያል። እሳቸው እየሄዱ፣ እሱ እያፈጠጠ።

ሰሞኑን በግቢያችን የቴሌግራም ግሩፕ «ዕቃ እናሰባስብ» የሚል መልእክት እንደገና ተለቀቀ። ለሌላ ቤተሰብ፣ ለሌላ አገር ነው። እኔንም ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። «እሷ ልምድ አላት» ብለው ነው። ልምዴን በዝርዝር ቢያውቁት ያስገቡኝ ነበር ወይ? እንጃ። ለማንኛውም እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ የ2010 ዓ.ም. ነው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ዘበኛችን ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አለ። እሱ ደግሞ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ጠዋት ስወጣ የአገሩን ወሬ ሳይነግረኝ በሩን አይከፍትልኝም። ዝናቡ፣ ገብሱ፣ የበግ ዋጋ። በአራተኛው ቀን «ምን ሆነሃል?» አልኩት። «የእህቴ ቤት ተቃጠለ» አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝ።

አገሩ መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ። ቤቱም እንደ አካባቢው ቤት ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ጓሳ ሣር። እህትየው ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። ያን ቀን ማሳ ላይ ገብስ እያጨደች ነበር። ምድጃው ውስጥ የተዳፈነ እሳት ነበር፤ ነፋስም ነበር። ጎረቤት ደርሶ በሬውን አወጣ። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ወደቀ። ሲወድቅ ምጣዱንም፣ ጋኑንም፣ እንስራውንም አደቀቃቸው። ሞሰቡ፣ ሌማቱ፣ ሰፌዱ፣ የልጆቹ ልብስ አመድ ሆነ። የተረፈው ግድግዳውና የወፍጮው ድንጋይ ነው። እህሉ ገና ማሳ ላይ መሆኑ በጀ።

«እርሾዋ እንኳ» አለኝ። «እርሾዋ እንኳ አልተረፈ።»

እርሾ የሚቃጠል ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቤት ተቃጠለ ሲባል የሚታየኝ ጣሪያና ግድግዳ ነው። ለነገ እንጀራ ከትናንት የተቀመጠች አንዲት ጣሳ ቢጫ ውሃ አትታየኝም። ያን ቀን ቢሮ ገብቼም ያቺ እርሾ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች።

ቆራሌው የመለሰው ማንቆርቆሪያ

ማታውኑ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። መልእክቱ አሁንም አለ፤ ሰሞኑን ወደ ኋላ ሄጄ አነበብኩት። «ውድ ጎረቤቶች፣ ቤታችሁ ውስጥ ትርፍ ዕቃ ካላችሁ» ይላል። ትርፍ። ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ሰውም የጠየቅኩትን ነው የሰጠኝ።

በሳምንት ውስጥ ኮሪደሬ መተላለፊያ አጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ፤ መብራት ላልገባበት ቀበሌ። ክዳኑ የጠፋ ፔርሙስ መጣ። የፔርሙስ ክዳንም መጣ፤ ግን የሌላ ፔርሙስ ነው። ወይን ጠጅ ከለር የሚዜ ቀሚስ ከነፈርጡ መጣ። ጎማ ያለው የቢሮ ወንበርም መጣ። ያን ወንበር መንዝ ዳገት ላይ ሲንከባለል እያሰብኩት ሌሊት ብቻዬን ስቄያለሁ። አንድ ጎኗ የገባ ማንቆርቆሪያም መጣች። እሷን ግን አውቃታለሁ። ከወር በፊት ቆራሌው አገላብጦ አይቶ «ይቺማ አትሆንም» ብሎ ለባለቤቷ ሲመልሳት በረንዳዬ ላይ ቆሜ አይቻለሁ።

በሰው አልፈርድም። እኔ ራሴ ያዋጣሁት አንድ የተላጠ መጥበሻ፣ ሁለት የጠበበኝ ሹራብ እና እጀታው የሚወዛወዝ ድስት ነው። ቁም ሳጥኔ ላይ ደግሞ ለሰርጌ የተሰጠኝ ባለ ስድስት ድስት ስብስብ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ፕላስተሩ እንኳ አልተነሳም። ለእንግዳ ብዬ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ለዚያ ድስት የሚመጥን እንግዳ አልመጣም።

ደህና ነገርም መጣ እንጂ። ጠንካራ የብረት ድስቶች፣ የልጆች ሹራብ፣ አንድ ካርቶን ሳሙና፣ በፀሐይ የሚሠራ መብራት። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ እትዬ ደግሞ ባለ ነብሩን ብርድ ልብስ ከነባለ ዚፕ ቦርሳው ይዘው ወረዱ። መርካቶ ሄደው የገዙት ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። «ደብረ ብርሃን አስተምሬአለሁ፤ የዚያን አገር ብርድ አትንገሪኝ» አሉኝ። ደረጃውን ሊወጡ ከጀመሩ በኋላ ዞር ብለው ጨመሩ። «ሰው የተኛበትን ደግሞ አልሰጥም።»

ፎቶ ግን ጠየቁኝ። ልጆቹ ተጠቅልለውበት። ቃል ገባሁላቸው።

በግ ሊያመጣ የሚወጣ መኪና

ዕቃ መሰብሰብ ቀላል ነው። ሥራው ማድረስ ነው። የጭነት ዋጋ ብንጠይቅ ከዕቃው በላይ የሚያወጣ ሆነ። መላውን ያገኘው ዘበኛችን ነው። ገና ሲቃረብ አይሱዙዎች ከአዲስ አበባ ባዷቸውን ወደ መንዝ ይወጡና በግ ጭነው ይመለሳሉ። አንዱን ሹፌር ለምኖ አስማማው። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሸጠን ሁለት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ገዛንበት። ወንበሩን ለጥበቃ ቤቱ አስቀረነው፤ ዛሬም እዚያው ነው ያለው። ቀሚሱን ምን እንዳደረግነው አልናገርም።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሳን። 130 ኪሎ ሜትር ሄደን ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ጠጣን። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ጋ ሳንደርስ ወደ ግራ ታጠፍን። መዘዞ፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ። ከመዘዞ ጀምሮ መኪናውም ይንቀጫቀጫል፣ የኔም ጥርስ ይንቀጫቀጫል። መሐል ሜዳ አደርን። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ከነጃኬቴ፣ ከነካልሲዬ ተኝቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በጠዋት ዕቃውን ሁለት አህያ ላይ ጭነን በእግር ወጣን። ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ጋግሮ ነበር። ስንረግጠው ይሰበራል።

ፍርስራሽ ነበር የጠበቅኩት። ስንደርስ ቤቱ ክዳን አለው። ጎረቤት ወጥቶ ጓሳ አጭዶ ከድኖላታል። ጓሳ ደግሞ ማጭድ ይዞ የወጣ ሁሉ የሚያጭደው ሣር አይደለም። የሚበቅልበት መሬት የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ለአጨዳ ሲዘጋውና ሲከፍተው የኖረ ነው። እኔ አዲስ አበባ ላይ ክዳን የሌለው ፔርሙስ ስደረድር፣ እነሱ የቤት ክዳን ጨርሰዋል።

እህትየው በዕድሜ ከኔ ብዙም አትበልጥም። «እርስዎ» ብላት «አረጀሁ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝና «አንቺ» ተባባልን። ማዳበሪያዎቹ ከአህያው ላይ ወረዱ። በሲባጎ ጥፍንግ ተደርገው ታስረዋል። እኔ ቢላ ጠየቅኩ።

«አትቁረጪው!» አለች፤ ድንግጥ ብላ።

ቁጭ ብላ ቋጠሮውን በጥፍሯና በጥርሷ ፈታችው። ስድስት ማዳበሪያ፣ ስድስት ቋጠሮ። ሲባጎውን ክንዷ ላይ እየጠቀለለች አስቀመጠች። ማዳበሪያዎቹን አራግፋ፣ እጥፍ እጥፍ አድርጋ ከስሯ ደረደረቻቸው። ገብሱ ከአውድማ ሊገባ ነው፤ መክተቻ የላትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ድስት ስጨነቅ ከርሜ፣ መጀመሪያ ዓይኗ የገባው ዕቃው የመጣበት ማዳበሪያ ሆነ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ የርክክብ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ ምርመራ። 31 ተራ ቁጥር። ትልቁ ልጇ ጮክ ብሎ አነበበላት፣ ሰማች፣ ፈረመች። ወረቀቱን ፋይሌ ውስጥ ከተትኩት። በኔ በኩል ጉዳዩ ተዘጋ።

«አሮጌውን አልሰጡኝም»

በሷ በኩል ገና መጀመሩ ነበር። ዕቃውን ደጅ ላይ፣ ከጎረቤት በመጣ ጀንዲ ላይ ዘረዘረችው። ከዚያ መለየት ያዘች። አንዱን ድስት ወደ ግራ። ሁለት ሳሙና ወደ ግራ። ከሹራቦቹ አንዱን አንስታ ለካችና ወደ ግራ። የየልጁን ድርሻ እየለየች መስሎኝ ነበር። የግራው ክምር እያደገ ሲሄድ ዘበኛችንን በዓይኔ ጠየቅኩት። «የጎረቤት ነው» አለኝ፤ የቡና ሰዓት እንደሚነግረኝ ሁሉ።

ሆዴ ሻከረ። እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ ያልኩት «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ነው። ቤቷ ባዶ ነው። ዕቃው ከ280 ኪሎ ሜትር ግድም ተጭኖ ነው የመጣው። ርክክቡ ላይ ያለው ስም የሷ ነው። ግሩፑ ፎቶ እየጠበቀ ነው። እኔ ምን ልላቸው ነው?

ይሄን እያብሰለሰልኩ እማሆይ መጡ። ከካቡ ማዶ ያሉ ጎረቤት ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው፣ በዚያ ብርድ በአንዲት ስስ ጋቢ። እህትየው ብድግ አለች። ባለ ነብሩን ከቦርሳው አወጣችው፣ አራገፈችው፣ ትከሻቸው ላይ ደረበችላቸው። «ኧረ ልጄ፣ ለልጆቹ! ለልጆቹ!» ይላሉ እሳቸው። እሷ መልስ ሳትሰጥ ጠርዙን አንገታቸው ስር ታጠባብቃለች።

ጠጋ አልኩና በጆሮዋ «አሮጌው አለ አይደል? እሱን ብትሰጪያቸውስ?» አልኳት። አሮጌ ያልኩት ከሌላ ብሎክ የመጣ ብርድ ልብስ ነው። ጠርዙ ተተልትሏል፤ ግን ንጹሕ ነው።

አየችኝ። አልተቆጣችም። ምን እያልኳት እንደሆነ ነው ያልገባት።

«እሳቸው አሮጌውን አልሰጡኝም» አለችኝ።

እጄን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝ። መደቡ ላይ በሥርዓት የታጠፈ ባና አለ። ከበግ ፀጉር የተሠራ፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ለመሸከም የሚከብድ። እማሆይ ያላቸው አንድ ባና ነው። ቤቱ የተቃጠለ ዕለት ማታ ልጆቹን ወስደው አስተኟቸውና እሱን አለበሷቸው። ክዳኑ አልቆ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ባናው አብሮ መጣ። እሳቸው ወር ሙሉ በጋቢ ነው የተኙት። ዛሬ ባናውን ልትመልስ አጥባ፣ አድርቃ፣ አጥፋዋለች።

«ባናውስ የራሳቸው ነው» አለችኝ። «የበረዳቸውን በምን እመልሰዋለሁ?»

ከዚያ ሳልጠይቃት ሌላውን ቆጠረችልኝ። እርሾ፣ በእሳቱ ማግስት፣ ከታች ቤት። ሁለት ቁና ዱቄት። ምጣድ፣ በሦስት ቀን አንዴ በውሰት፤ ስትወስድም ስትመልስም ነፋስ እንዳያስጥላት በእቅፏ። በሬውን ያሳደረ ሰው። ጓሳ ያጨዱ ስምንት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው በስም። ወረቀት የለም፣ ተራ ቁጥር የለም። አንዱንም አልዘለለችም። ድምጿ የወረደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ደቦውን በንፍሮ ሸኘሁት» ስትል። ጠላ አልቀረበም። ጋኗ ተሰብሯል፤ ያለ ጋን ደግሞ በምን ትጥመቅ?

የጎደላት ምን እንደሆነ የጠየቅኳት ያኔ ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ዕቃው ሁሉ ከተራገፈ በኋላ! «ጋን» አለች፤ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ። ከ31 ተራ ቁጥሬ ውስጥ ጋን የለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማን ትርፍ ጋን አለው? ከተዋጣው ብር የተረፈ ነበር። ገናን እዚያው ሊውል ለቀረው ዘበኛችን ሰጠሁትና በሚቀጥለው ገበያ ገዛላት።

መንገድ ላይ ያሰብኩት

ስመለስ አይሱዙው በግ ጭኗል። እኔ ጋቢና ተቀምጬ፣ ከኋላ በጎቹ እየጮሁ፣ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር እያላመጥኩ ደብረ ብርሃን ደረስኩ። አሮጌውን አልሰጡኝም። ወቀሳ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ወቀሳ አልነበረም። መቁጠሪያ ነው። በምን እንደሰፈሩልህ በዚያው ትሰፍራለህ፤ ካልሆነ ደግሞ አትረፍርፈህ። እኔ በዚያ ቁና ብሰፈር ምን ይደርሰኛል? የተላጠ መጥበሻ።

«ብድር በምድር» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሁልጊዜ እንደ ማስፈራሪያ ነበር የምሰማው፤ ክፉ የሠራ እዚሁ ያገኘዋል እንደ ማለት። ክፉ ያልሆነውን ብድር እንደዚያ በዝርዝር ተይዞ፣ ቀን ተጠብቆለት ሲከፈል አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ ዕቃውን ስንልክ ከሷ ምንም መልስ አልጠበቅንም። ባለመጠበቃችን ደግ የሆንን መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ያ አለመጠበቅ ውስጥ ትንሽ ንቀት ሳይኖርበት አይቀርም። ይቺ ሴት ለማንም የምትሰጠው ነገር አይኖራትም ብዬ ገና ከአዲስ አበባ ስነሳ ቆርጬ ነበር። ለዚህ ነው የግራው ክምር ያናደደኝ።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። እኔ የሩቅ ዘመድም አይደለሁም። በበግ መኪና መጥቼ በበግ መኪና የምመለስ ሰው ነኝ። ልጇ ሌሊት ቢያተኩሰው የምትጮኸው ለእማሆይ ነው፣ ለኔ የቴሌግራም ግሩፕ አይደለም።

ይሄን ስል ድህነትን እያሳመርኩ እንዳይመስልብኝ። አንዲት አሮጊት በዚያ ውርጭ ወር ሙሉ በጋቢ መተኛታቸው ምንም የሚያምር ነገር የለውም። ሁለተኛ ባና ስለሌለ ነው። ባለ ነብሩ ብርድ ልብስ ደግሞ አንድ ነው፤ ለእሳቸው ሲሄድ ልጆቹ ጠርዙ የተተለተለውን ለበሱ። ሁለት አዲስ ወስደን ቢሆን ኖሮ እኔም የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።

ቤቴ ስገባ ባለ ስድስቱን ድስት ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። ለማን ሰጠሁት? ለማንም። ፕላስተሩን ቀደድኩና ሽሮ ሠራሁበት። ቢያንስ ከዚያ በኋላ ለእንግዳ ነው እያልኩ ራሴን አላታለልኩም።

«ነብሬስ?»

ፎቶውን ያነሳሁት እማሆይ ባናቸውን ታቅፈው፣ ባለ ነብሩን ደርበው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው። ግሩፑ ላይ ግን ሌሎቹን ለቀቅኩ። ማዳበሪያ የተሸከሙት አህዮች፣ ልጆቹ በሹራብ፣ ድስቶቹ በሰልፍ። ልቡም፣ የተገጠመው እጅም ዘነበልን።

ከገና በኋላ እትዬ ደረጃ ላይ አገኙኝ። «ነብሬስ?» አሉ።

«ባትሪ ጨርሼ ነው እትዬ፤ እሱ ሳይነሳ ቀረ» አልኳቸው።

ዘበኛችን ከአገሩ ተመልሶ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ሰማኝ። ምንም አላለም። አጎንብሶ የበሩን ሰንሰለት መነካካት ጀመረ።

እንዳይከፋቸው ብዬ ነው፣ ለራሴ የነገርኩት። እውነቱ ግን እሳቸውም እንደኔ እንዳያስቡ ፈርቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ነብሩን ያነሱብኛል፣ እኔም ያንኑ ባትሪ እደግምላቸዋለሁ። ፋሲካ ሲቃረብ ቡና ጠሩኝ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ አላስቻለኝም፤ ስልኬን ከፍቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ነብሩን በሁለት ጣታቸው አጎሉት። ከዚያ ከነብሩ ወጥተው ወደ ታች ወረዱ፤ የእማሆይን የጎማ ጫማ ድረስ።

«እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?»

ነገርኳቸው። ባናውን፣ ወር ሙሉ በጋቢ መተኛታቸውን፣ እኔ በጆሮዋ ያልኩትንም ጭምር። ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱ።

«ባናውን አጥባ ነው የመለሰችላቸው?»

«አዎ፣ አጥባ።»

«እሰይ።» ስልኩን አልመለሱልኝም። እንደገና አጎሉት፣ እንደገና አሳነሱት። «እና ይሄን ነው ሦስት ወር ሙሉ ባትሪ ጨረስኩ ያልሽኝ?»